«ገባልህ?»፦ ብር ከኪስ ወደ ስልክ ሲሻገር

በአዲስ አበባ ሳሪስ ውስጥ ለውስጥ በሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከሥራና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሰው ይሞላታል። በመስኮቷ መስታወት ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። ሁለት መስመር ተጽፎበታል፤ የላይኛው የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው፣ የታችኛው የቴሌብር። ወረቀቱ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል፤ ቁጥሮቹ ግን በየጊዜው በእስክሪብቶ ስለሚደመቁ ከሩቅ ይነበባሉ።

አንድ ወጣት ስድስት እንቁላል፣ አራት ዳቦና አንድ ሳሙና ይዞ ስልኩን ነካካና ፊቱን ወደ ባለሱቁ አዞረው።

«ልኬያለሁ ጋሼ፤ ይኸው።»

ባለሱቁ የወጣቱን ስልክ ቀና ብሎም አላየ። የራሱን አነሣ። «አልገባም።»

«ኔትወርክ ነው እኮ! ከእኔ ቆርጦታል።»

«ይሆናል። ትንሽ ጠብቅ።»

ከኋላው የቆሙ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ባለ 200 ብር ኖት ዘረጉ፤ የፈለጉት የአንድ ሌሊት ስኳር ነው። «እማማ፣ ዝርዝር የለኝም፤ ለመልሱ ክብሪት ልጨምርልዎት?» አላቸው። «ክብሪት ምን ያደርግልኛል? ትናንትም ክብሪት ሰጥተኸኛል» ብለው ሳቁ። ይህን ጊዜ የባለሱቁ ስልክ ጮኸ። ወጣቱን በእጁ አሰናበተው። የእማማን ስኳር ደግሞ ከመደርደሪያው ሥር ባወጣው ደብተር ላይ ጻፈ፤ ነገ ዝርዝር ሲገኝ ይታሰባል።

ጥሬ ብር፣ የስልክ ዝውውርና የዱቤ ደብተር በአንዲት ሱቅ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ይገናኛሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በኢትዮጵያ ከተሞች የሸማቹ እጅ በፍጥነት ተቀይሯል። ለአንድ ሲኒ የጀበና ቡና ዝውውር የሚልክ አለ፤ የእድር መዋጮውን በባንክ የሚያስገባ፣ እቁቡን በቴሌግራም ግሩፕ የሚጥል፣ ለሰርግም ለለቅሶም በስልክ የሚረዳ አለ። ባለሱቁ ግን ዕቃውን የሚለቀው «ገባልህ?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ብቻ ነው። ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ እምነቱ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

ከአሞሌ እስከ ቴሌብር

ለአዲስ የገንዘብ ዓይነት ቶሎ አለመንበርከክ የቆየ ጠባያችን ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ በግመል እየተጫነ የሚወጣው አሞሌ ጨው ለዘመናት መገበያያ ነበር። ማርትሬዛ ብር ከገባች በኋላ ደግሞ ነጋዴው በእጁ መዝኖ፣ በላይዋ ያለውን የንግሥት ምስል በጣቱ ዳስሶ ይቀበላት ነበር። አፄ ምኒልክ በስማቸው ገንዘብ አስቀርጸውም፣ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፍቶም፣ ማርትሬዛ ከገበያ በቀላሉ አልወጣችም። ወረቀት ገንዘብ ሲመጣም ብዙ ሰው ብሩ እንዳይቃጠልበት፣ አይጥ እንዳይበላበት ይፈራ ነበር። ዛሬ «ስልኬ ቢጠፋስ?» የሚለው ስጋት ያንኑ ይመስላል።

የስልክ ገንዘብ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በኤምፔሳ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። በእኛ አገር ኤም ብርና ሄሎ ካሽ ቀድመው ሞክረውታል፤ የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብርና የዳሸን ባንኩ አሞሌም ተከትለዋል። ሆኖም ሥራው ለረጅም ጊዜ በባንኮችና በማይክሮፋይናንስ ተቋማት እጅ ብቻ ስለነበረ የወኪሉ ብዛት አልሰፋም፤ ወኪል በሌለበት ደግሞ ብር በስልክ መያዝ ትርጉም የለውም።

በሩን የከፈተው ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የክፍያ ሰነድ አውጪዎች መመሪያ ነው። ባንክ ያልሆነ ድርጅትም ፈቃድ እንዲያገኝ ፈቀደ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በየመንደሩ የካርድ ሻጭ፣ በየኪሱ ሲም ካርድ ነበረውና መንገዱ የተጠረገ ነበር፤ ተጠቃሚው በአራት ዓመት ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን ይዞ ገባ። ባንኮቹ ደግሞ የሞባይል መተግበሪያቸውን እያሻሻሉ ከዚያው ገበያ ድርሻቸውን ያዙ።

ማን ገፋው?

ሸማቹ ወደ ስልክ የሄደው መተግበሪያ ወድዶ ብቻ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ነገሮች ከኋላው ገፍተውታል።

የመጀመሪያው የብሩ ክብደት ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ለውጥ ሲታወጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ 200 ብር ኖት ወጣ። ያን ጊዜ 200 ብር በባንክ ምንዛሪ ከአምስት ዶላር በላይ ነበረ። ከዚያ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያው ኖት በጥቂት ወራት ውስጥ ከሁለት ዶላር በታች ወረደ። ትልቁ ኖታችን ግን አሁንም እሱ ነው። የ20 ሺህ ብር ስልክ ለመግዛት 100 ኖት መቁጠር ያስፈልጋል። መርካቶ ወርዶ የአንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ የሚያነሣ ነጋዴ 5,000 ኖት በፌስታል ይሸከማል ማለት ነው። ከሌባ አደጋ ሌላ ቆጠራው ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለእንዲህ ያለ ሰው ዝውውር ምቾት ከመሆኑ በፊት ዕረፍት ነው።

ሁለተኛው የመንግሥት እጅ ነው። ከባንክ በጥሬው በሚወጣ ገንዘብ ላይ ገደብ ተደረገ። ነዳጅ ደግሞ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት 1 ቀን ጀምሮ በመላ አገሪቱ ያለ ዲጂታል ክፍያ አይቀዳም ተባለ። በዚያ ሰሞን ማደያ ላይ የነበረ ሰው የረሳው አይመስለኝም፤ ቀጂው ቱቦውን እንደያዘ ቆሞ፣ ሹፌሩ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ኔትወርክ ሲፈልግ፣ ከኋላ ጡሩምባ ሲያናጋ። ያም ሆኖ በሥራው ምክንያት በየቀኑ ነዳጅ የሚቀዳው የታክሲና የጭነት ሹፌር በግዴታ ለምዶት ቀረ። የለመደው እጅ ደግሞ ከማደያ ወጥቶ ወደ ሆቴል፣ ወደ ጋራዥ፣ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ።

ሦስተኛው ዝርዝር ማጣት ነው። ለመልስ ማስቲካና ክብሪት መቀበል የሰለቸው ሸማች 37 ብር ከሆነ ልክ 37 ብር መላክ መቻሉን ወደደው። ባለሱቁም በየማለዳው ዝርዝር ፍለጋ ከመዞር ዳነ።

ከመልእክቱ ጀርባ

«ከእኔ ቆርጦታል፣ አንተ ጋ አልገባም» የሚለው ጭቅጭቅ ምክንያት አለው። ስልክ ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው። ብሩ ራሱ ባንክ ውስጥ ተቀምጧል፤ የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ሰጪው በደንበኞቹ ስልክ ላይ ላለው ገንዘብ ሁሉ በባንክ በአደራ ሒሳብ ልክ ያንኑ ያህል ብር እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። ሁለት ሰዎች በአንድ አገልግሎት ውስጥ ሲላላኩ ቁጥሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ፈጣን ነው። ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲሆን ግን መልእክቱ በባንኮች የጋራ ባለቤትነት በተቋቋመው ኢትስዊች በኩል ያልፋል። ላኪው ባንክ፣ ኢትስዊችና ተቀባዩ ባንክ ሦስቱም በዚያች ቅጽበት ሊሠሩ ይገባል። አንዱ ሲያነክስ ብሩ ከላኪው ተቀንሶ መንገድ ላይ ይቆያል። ብዙ ጊዜ ቆይቶ ይገባል ወይም ይመለሳል፤ ዕቃውን አንጠልጥሎ ለቆመ ሸማች ግን ያቺ ግማሽ ሰዓት ረጅም ናት።

በዚህ ክፍተት ውስጥ አጭበርባሪ ገባ። የተቀነባበረ ስክሪንሾት አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ አለ። የባንክ መልእክት አስመስሎ የሚልክ፣ «በስሕተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ብሎ የሚያለቅስ፣ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ብሎ የሚደውል አለ። የሳሪሱ ባለሱቅ የደንበኛውን ስልክ ያላየው በክፋት አይደለም። አሁን ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች የሚያምኑት በራሳቸው ስልክ የመጣውን መልእክትና መተግበሪያቸውን ከፍተው ያዩትን ቀሪ ሒሳብ ነው። አንዳንዱም በባንኩ ደረሰኝ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በስልኩ አንብቦ ያረጋግጣል።

አሠራሩ የሚሰናከለው ከሸማቹ በኩል ብቻም አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ሲታወክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና መላክ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ባንኩ ራሱ ይፋ እንዳደረገው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጣ። ቀጥሎ የሆነው ግን አስተማሪ ነው። እያንዳንዱ ዝውውር ማን፣ መቼ፣ ወዴት እንደላከ ተመዝግቦ ስለነበር ባንኩ በስም እየጠራ አስመለሰ፤ ብዙዎች ራሳቸው መለሱ፣ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ተለጠፈ። ዲጂታል ገንዘብ አሻራ እንደሚተው ብዙ ወጣት የተማረው በዚያ ሳምንት ነው።

ዋጋው በኢንቦክስ

የክፍያው ለውጥ የግብይቱን ቦታም አናግቷል። ጫማ፣ የሕፃን ልብስ፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ሁሉ የሚታየው በቴሌግራም ቻናል ላይ ነው፤ ቲክቶክ ደግሞ ማስታወቂያውን ይሠራል። ሱቅ የሌላት ሴት ከቤቷ ሆና ከመርካቶ የምታነሣውን ቀሚስ ፎቶ ለጥፋ ትሸጣለች፤ ዕቃው በሞተረኛ ይደርሳል።

ይህ ገበያ የራሱ ሕግ አበጅቷል። ሻጭ «ቅድሚያ ግማሹን ላኪ» ይላል፤ ገዢ «አይቼ፣ ለክቼ እከፍላለሁ» ትላለች። ብዙ ጊዜ የሚስማሙት የዴሊቨሪው ቀድሞ፣ የዕቃው ሲደርስ በሚል ነው። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ፣ ልብሱ ተለክቶ፣ ገዢ ልካ፣ ሻጭ በስልክ «ገባልኝ፣ ስጣት» እስክትል ይጠበቃል። በድሮ ገበያ ዕቃና ገንዘብ ፊት ለፊት ይለዋወጡ እንደነበረው ሁሉ፣ በአዲሱም ሁለቱ በአንድ በር ላይ ካልተገናኙ ልብ አይረጋም።

ከዚህ ገበያ ጎጂ ልማዶች አንዱ ዋጋ መደበቅ ነው። ፎቶው አለ፣ መጠኑ አለ፣ ዋጋ ሲጠየቅ «በኢንቦክስ» ነው መልሱ። ውስጥ ሲገባ አንዷ የተነገራት ሌላዋ ከተነገራት ይለያል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በስልክና በኢንተርኔት የተደረገ ውል ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ሁለቱም አዋጆች ወረቀት ላይ አሉ፤ ስሙ በቅጽል፣ አድራሻው በቻናል ብቻ የሚታወቅ ሻጭ ላይ ግን ሸማቹ ክስ የሚያቀርበው ወዴት ነው? ይህ ጥያቄ በተግባር አልተመለሰም።

ሁለት ዓይነት ዱቤ

የሰፈር ሱቅ ከሱፐርማርኬት የሚለይበት ዋናው ነገር ያ ከመደርደሪያ ሥር የሚወጣው ደብተር ነው። «ዱቤ ነገ» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ባለሱቅ እንኳ ለሚያውቀው ሰው ደብተሩን ይከፍታል። ወለድ የለውም። ቀነ ገደቡ ደመወዝ ነው። መያዣው ፊት ለፊት መተያየት ነው፤ ያልከፈለ ሰው በዚያ መንገድ ማለፍ ያፍራል።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክም ዱቤ መስጠት ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ቴሌብር መላ የተባለ አነስተኛ ብድር፣ ሒሳብ ሲጎድል ክፍያውን የሚሞላ ቴሌብር እንደኪሴና ቴሌብር ሳንዱቅ የተባለ ቁጠባ አቀረበ። ሌሎች ባንኮችም ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው፤ የዳሸን «ዱቤ አለ» ዕቃ ወስዶ በየወሩ መክፈልን ያመቻቻል። ቤትና መኪና ማስያዝ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባንክ ደጃፍ ቀርቦ የማያውቅ የጉልት ነጋዴ በስልኩ ታሪክ ብቻ ለማለዳ ዕቃ ማንሻ የሚሆን ብር ያገኛል።

ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። የባለሱቁ ደብተር ሰውየው ቢታመም ይጠብቃል፤ የስልኩ ዱቤ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ቀኑ ሲደርስ ገቢ ከሆነ ብር ላይ ራሱ ይቆርጣል። ለሥራ የተበደረ ይጠቀምበታል። ለወር መጨረሻ አስቤዛ የተበደረ ግን የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ ከወዲሁ በልቶታል።

የማይላክበት ገበያ

በበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ያለው ትዕይንት ደግሞ ሌላ ነው። ዶሮ ይዞ ከገጠር የመጣው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። አዲስ አበቤዋ ክንፉን ገልጣ፣ ደረቱን ዳስሳ፣ ዋጋ ተከራክራ ጨረሰች። «ቴሌብር ልላክልህ?» «አይ እኅቴ፣ ጥሬውን ስጪኝ።» ሒሳብ የለውም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ግን ከዚያው ገበያ ዘይትና ጨው ሸምቶ፣ ለመኪና ከፍሎ ነው የሚመለሰው፤ እነሱም ጥሬ ይላሉ። ሴትየዋ አጠገቧ ወዳለው ቅመማ ቅመም ሻጭ ዞረች። ለእሱ በስልክ ላከችለት፣ እሱ ከመሳቢያው ቆጥሮ ሰጣት፤ ለውለታው አሥር ብር ያዘ። እንዲህ ያሉ ባለሱቆች የኤቲኤም ማሽን በሌለበት ሁሉ ማሽን ሆነዋል።

ገጠሩ፣ አረጋዊው፣ ፊደል ያልቆጠረው፣ ስማርት ስልክ ያልያዘው በዚህ ለውጥ ዳር ቆሟል። ኢንተርኔት በሌለው ስልክ *127# ደውሎ በቴሌብር መላክ ይቻላል፤ ምናሌውን ማንበብ የማይችል ግን የሚስጥር ቁጥሩን ለጎረቤት ልጅ ይነግራል። ያ ልጅ ታማኝ ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ የእድሜ ልክ ቁጠባ በአንድ ምሽት ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው መስመሩ ጨርሶ ሲቋረጥ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በትግራይ ባንክም ስልክም በመዘጋቱ ሰው በስሙ ያለውን ገንዘብ ከአንድ ዓመት በላይ ማውጣት አልቻለም። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቤቱ ጥቂት ጥሬ ብር ያስቀመጠ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ዱቄት ገዝቶ ያድራል፤ ሀብቱ ሁሉ በስልክ ያለ ሰው ቁጥሩን እያየ ይራባል።

ነጋዴው ለምን ያቅማማል?

«ጥሬውን ከሰጠኸኝ እቀንስልሃለሁ» የሚል ነጋዴ ዛሬም ብዙ ነው። አንዱ ምክንያት ግብር ነው፤ በሒሳብ የገባ ብር ይታያል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። ነጋዴው «ያነሣሁበት ራሱ ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ እኔ በምን ላወራርድ?» ይላል። ክርክሩ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ከላይ ካልተስተካከለ ከታች ያለው ብቻ ይቀጣል። መሐል ላይ የተገኘው መፍትሔ ግን ሸማቹን የሚጎዳ ሆኗል። ብሩ በሱቁ ሳይሆን በባለሱቁ ወንድም ወይም ሚስት ሒሳብ ይገባል፤ ደረሰኝ የለም፤ ዕቃው ቢበላሽ ሸማቹ የከፈለው ለማያውቀው ሰው ነው።

ክፍያውም አለ። በባንኮች መካከል ሲላክ የአገልግሎት ዋጋ፣ በእሱም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። በአንድ ዝውውር ትንሽ ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ ለሚልክ ቤተሰብ ግን በወር መጨረሻ ይደመራል። ይህን የሚያሰላ ሸማች ጥቂት ነው፤ ከኪስ ሲወጣ አይታይምና። ጥሬ ብር ሲቀንስ እጅ ያውቀዋል። ስልክ ላይ ሲቀንስ ዓይን እንኳ ልብ ብሎ አያየውም።

ለሸማቹ፣ ለነጋዴውና ለመንግሥት

ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ መመለስም አያስፈልግም። ስልኩ የሌባን አደጋ ቀንሷል፣ ዝርዝር የማጣትን ጣጣ ፈትቷል፣ ባንክ የማያውቃቸው ሰዎች ታሪክ እንዲኖራቸው አድርጓል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ እምነቱን ከብሩ ጋር ማድረስ ነው፤ እሱ ደግሞ በማስታወቂያ አይመጣም። መልእክት በሰዓቱ ሲደርስ፣ የጠፋ ዝውውር በቀን ውስጥ ሲመለስ፣ የተታለለ ሰው አቤት የሚልበት በር ሲኖረው ይመጣል። መንግሥትም አንድ ነገር ልብ ይበል፤ የብርን ዝውውር በኔትወርክ ላይ ካሳደረ በኋላ ኔትወርክ መዝጋት ገበያ መዝጋት ነው።

ነጋዴ ሆይ፣ ዋጋህን በግልጽ ጻፍ፣ ክፍያውን በድርጅትህ ስም ተቀበል፣ ነጠላቸውን ፈትተው ለሚመጡት እናትም ዝርዝር አታጣ። እርስዎም አንባቢ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ለልጅዎ እንኳ አይንገሩ፤ የሚልኩለትን ሰው ስም ሳያነቡ አይላኩ፤ በራስዎ ስልክ ሳይገባ ዕቃ አይልቀቁ፤ ላልተቀበሉት ዕቃ ሙሉ ዋጋ አይላኩ፤ ደረሰኝ ይጠይቁ። የጥቂት ቀን አስቤዛ የሚሆን ጥሬ ብርም ከቤትዎ አይጥፋ።